የኪስ ሰባኪ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ ቡልቡላን ያልፋታል እንጂ አያያትም። የቀድሞዋ ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ ሲደርስ ወርዶ ዓሣ ይበላል፤ አዳሚ ቱሉን ካለፈ በኋላ ግን ሙቀቱና ጥጋቡ ተባብረው እንቅልፍ ይጥሉትና የሚነቃው አርሲ ነገሌ ላይ ነው። በዚህ መካከል ከግራር ጥላ ሥር የተደረደረ የከሰል ማዳበሪያ፣ ተሳፋሪ የሚጠብቅ የፈረስ ጋሪ፣ አንድ ድልድይ፣ ከድልድዩም ሥር ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አቢያታ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ አለ። የወንዙም የከተማይቱም ስም ቡልቡላ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እዚያ ተወልዶ፣ ሠላሳ አራት ዓመት እዚያው አስተምሮ፣ እዚያው ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ላጫውትህ የተነሣሁት ስለ ወንዙ አይደለም። ወንዙም የራሱ ወሬ አለው፤ የመስኖ ሞተር ከበዛበት ወዲህ እንደ ልጅነታችን አይሞላም፤ እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው። የዛሬው ወሬዬ ኪሴ ውስጥ ስላለው ስልክና በዚያ ስልክ ወንጌል አስተምራለሁ ብዬ ስላጠፋሁት ጥፋት ነው። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ የማማው ሰው የለኝም።

የእኛ ቤት ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር የተዋወቀው ገና ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ በመንገድ ሥራ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ካጠራቀመው ገንዘብ አንድ ትራንዚስተር ሬዲዮ ገዛ። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እናቴ ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ማታም ለአንድ ሰዓት ያህል ነፍስ ይዘራል። ያን አንድ ሰዓት የምንሰጠው ብሥራተ ወንጌል ለሚባለው ጣቢያ ነበር። ይህን ጣቢያ ያቋቋመው የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ሲሆን የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት አዲስ አበባ ላይ ተመርቋል። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ኃይል ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ስለ ነበሩት ድምፁ ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ ይደርስ ነበር። የሚያሰማውም ስብከት ብቻ አልነበረም፤ ዜናውንም፣ የጤና ምክሩንም፣ ትምህርቱንም አባቴ በአንድ ዐይነት አክብሮት ባርኔጣውን አውልቆ ይሰማው ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ አባቴ አንድ ጥያቄ አስጨነቀው። ጌታ በለሲቱን ፍሬ አላገኘባትም ብሎ ረገማት ይላል፤ እዚያው ላይ ደግሞ የበለስ ወራት አልነበረም ይላል። አባቴ ገበሬ ሆኖ ያደገ ሰው ነውና «ወራቱ ካልሆነ ዛፏ ምን አጠፋች?» እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ። በመጨረሻም እኔን አስቀምጦ ለጣቢያው ደብዳቤ አስጻፈኝ። ከሁለት ወር በኋላ ዝዋይ ፖስታ ቤት በታይፕ የተመታ መልስ መጣለት። መልሱ አባቴን አላረካውም፤ መልስ መምጣቱ ግን እጅግ አረካው። ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አድርጎ እስኪሞት ድረስ አኖረው። እኔ ዛሬ ሳስበው፣ ያን ያህል ኃይል ካለው ማሠራጫ ሁሉ አባቴን የነካው አንድ የማናውቀው ጸሐፊ በታይፕ መኪናው ፊት ተቀምጦ የአባቴን ስም የመታበት ደቂቃ ነው።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ጣቢያውን ወረሰው፤ ስሙም ተለውጦ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ የሬዲዮኑን ቁልፍ ወዲህና ወዲያ ሲያዞር አየሁት፤ ቦታው ያው ነው፤ የሚናገረው ግን ሌላ ሆነ። አባቴም ሬዲዮኑን አጥፍቶ «እነዚያ ሰዎች የት ሄዱ ይሆን?» አለ። ስለ ጣቢያው አልጠየቀም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ በስተርጅና የወደቅሁት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ ተነገረ። በመጋቢት 28 የሃይማኖት ተቋማት የአንድ ወር ብሔራዊ ጸሎት አውጀው ጸሎቱ በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ፤ በመጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። የእኛ ጸሎት ቤት ግድግዳዋ የጭቃ፣ ክዳኗ የቆርቆሮ፣ አግዳሚ ወንበሯ ከዐሥራ ስምንት የማይበልጥ ትንሽ ቤት ናት። ተዘጋች። ቁልፉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሆንሁት በእኔ እጅ ቀረ። ትንሣኤ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ እኔም በበዓሉ ዋዜማ ብቻዬን ሄጄ መስኮቱን በአቧራው መካከል አሾልቄ ወንበሮቹን እያየሁ አለቀስሁ።

በዚህ ጊዜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የሆነ ወጣት «ጋሼ፣ ለምን ቴሌግራም ላይ ቻናል አንከፍትም?» አለኝ። ስልክ ነበረኝ፤ ታች የሚባለው ዐይነት፤ ልጄ የገዛልኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ሰዓት ከማየትና ከመደወል በቀር ሌላ ነገር አላስደርገውም ነበር። ልጁ የማይክሮፎኑን ምልክት ተጭኖ መናገርን አስተማረኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ማታ ማታ ዐሥር ደቂቃ የምትሆን ትምህርት እየቀዳሁ መላክ ጀመርሁ። የማርቆስን ወንጌል ከምዕራፍ አንድ ጀመርሁ፤ የአባቴ በለስ ያለችው እዚያ ነውና።

አሁን ደካማነቴን ልናዘዝ። በዚያ ቻናል ላይ ከእያንዳንዱ መልእክት ሥር ትንሽ የዐይን ሥዕል አለች፤ ከጎኗም ቁጥር አለ። ስንት ሰው እንዳየው ትነግርሃለች። መጀመሪያ 31 አለች። በሳምንቱ 70 ሆነች። በግንቦት ወር አንድ ማታ 212 አለች። ከእኛ ጸሎት ቤት ሰው ይልቅ የሚበልጠው ከአዳማ፣ ከሐዋሳ፣ ከአዲስ አበባ፣ አልፎም ከባሕር ማዶ መሆኑን ልጁ ነገረኝ። አንባቢ ሆይ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም ማን እንደ ሰማኝ፣ ማን እንዳንቀላፋ የቆጠረልኝ ሰው አልነበረም። ሌሊት ሽንት ቤት ስነሣ እንኳ ያችን ዐይን ሳላይ አልተኛም ነበር። ባለቤቴ «ጸሎት ነው ወይስ ምርጫ?» ብላ ቀልዳብኛለች።

ይሁን እንጂ ስልኩን በጅምላ ልኮንነው አልችልም፤ ምክንያቱን ልንገርህ። ከሚያዳምጡኝ መካከል አንዲት የከተማችን ልጅ ነበረች፤ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሄደች፣ ጅዳ የምትኖር። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ማቆም አልተፈቀደም። ሥራዋን የምትጨርሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዋ ብቻ አድርጋ፣ ሌላውን ጆሮዋን ለእመቤቷ ጥሪ ክፍት ትታ ትሰማኛለች። በወሩ መጨረሻ አንድ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። በሹክሹክታ ነው የምትናገረው። «ጋሼ፣ እባክዎን በር ዘግተው አይቅዱ» አለችኝ። «ዛሬ ዶሮው አልጮኸም። ባለፈው ሳምንት ዶሮም ጮኾ፣ ሲኖትራክም ድልድዩ ላይ ጥሩንባ ነፍቶ ነበር።»

እኔ ሞኙ ድምፁ እንዲጠራ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ በላብ እየተጠመቅሁ ጓዳ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ስቀዳ ነበር። ከዚያን ማታ ጀምሮ ደጅ፣ ከግራሩ ሥር ሆኜ መቅዳት ጀመርሁ። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ በስልክ ወንጌል አይሰበክም ቢለኝ ያችን ልጅ አስብና ዝም አሰኘዋለሁ። ለእርሷ የሚደርስላት ሌላ እግር አልነበረም።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። በዚያ ሳምንት በእኛ መሥመር ባሉት ከተሞች፣ በተለይም በሻሸመኔ፣ የደረሰውን ጥፋት ለመተረክ ይህ ቦታው አይደለም፤ የሞተው ሞቶ፣ የተቃጠለው ተቃጥሏል። ኢንተርኔቱ ሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ቆየ። እኔም በመጀመሪያው ማታ እንደ ልማዴ ቀድቼ ተጫንሁ። ምልክቷ ስትሽከረከር አደረች፤ ጧትም ትሽከረከር ነበር።

የሚያስጨንቅ ጊዜ ስለ ነበረ የሰዎቻችንን ደኅንነት በየቤታቸው ዞሬ ልጠይቅ አሰብሁ። ወረቀት አውጥቼ ስማቸውን ልጽፍ ስል አንድ ነገር አስደነገጠኝ። በስልኬ ውስጥ ያለው ስም ሌላ ነው፤ አንዱ «የጌታ ልጅ» ይላል፣ አንዱ «ሻሎም» ይላል፣ ሌላው የአበባ ሥዕል ብቻ ነው። ማን ማን እንደ ሆነ አላውቅም። ሦስት ወር ሙሉ ለማን እንደምናገር ሳላውቅ ስናገር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ስልኩን አስቀምጬ ዐይኔን ጨፈንሁና ጸሎት ቤቱን በሐሳቤ ከፈትሁት። ከፊተኛው አግዳሚ ጀምሬ ማን ከማን ጎን ይቀመጥ እንደ ነበር እያስታወስሁ ጻፍሁ። ስልሳ ሁለት ቤተሰብ ወጣ። ከስልሳ ሁለቱ ሃያ ሦስቱ ታች ስልክ የሚባል ነገር ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። ከዚህ የሚበልጡትም ሽማግሌዎችና ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ።

በስተግራ በሦስተኛው አግዳሚ፣ ከመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ነበሩ። ስማቸውን ልተወውና ሁላችንም እንደምንጠራቸው «አባባ» ልበላቸው። ቤታቸው ወደ አቢያታ በሚወስደው በኩል፣ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ይርቃል። እሑድ እሑድ ሁለቱም በአንድ አህያ ይመጡ ነበር፤ እሷ ተቀምጣ፣ እሳቸው እየነዱ። በሁለተኛው ሳምንት መንገዱ ጸጥ ሲል ወደዚያው ሄድሁ።

አባባን ደጃፋቸው ላይ ገመድ ሲገምዱ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ተነሥተው አቀፉኝ፤ ስለ በሽታው የተነገረውን ሁሉ ረሳነው። «ባርሲሳ፣ ደኅና ከረምህ? ልጆቹስ?» አሉኝ። ባርሲሳ ማለት በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። እኔም ባለቤታቸውን ጠየቅሁ። በእጃቸው ከቤቱ ጀርባ፣ ከቁልቋሉ ባሻገር ያለውን የድንጋይ ካብ አመለከቱኝ። የሞተችው በግንቦት ወር ነበረ።

ምን እንዳልሁ አላስታውስም። እሳቸው ግን ተረጋግተው ነገሩኝ። ሦስት ሳምንት ታመመች፤ ሐኪም ቤት ለመውሰድ ተሽከርካሪ አልነበረም። የቀበሯት ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው። መቃብሩን ቆፈሩ፣ ድንጋዩን ተሸከሙ፣ ሴቶቹም አለቀሱላት። ካወረዷትም በኋላ ዘወር ብለው «በእናንተ ሥርዓት የሚባለውን ማን ይበል?» ብለው አባባን ጠየቁ። «እኔ አልሁ» አሉኝ። «የማውቀውን አልሁ፤ የማላውቀውን ተውሁት።»

«ለምን አላስጠሩኝም?» አልኋቸው።

«መንግሥት መሰብሰብን ከልክሏል አሉ። አንተም በሕግ የምትኖር ሰው ነህ። ሁሉም ቤቱን እንደ ዘጋ ነው የማውቀው። እናንተም እንደ እኔ ብቻችሁን የከረማችሁ መስሎኝ ማታ ማታ ስጸልይላችሁ ነበር።»

ቅሬታ ቢያሰሙኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። በመንገዴ ሁሉ ቀኑን ሳሰላ መጣሁ። እሳቸው በሳር ቤታቸው ውስጥ ስለ እኛ ብቸኝነት በሚጸልዩበት ሰዓት እኔ ከግራሩ ሥር ተቀምጬ የዐይኗን ቁጥር እቆጥር ነበር። ስለ ቻናሉ በዚያ ቀን አልነገርኋቸውም። አፈርሁ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሽማግሌዎቹና ወጣቶቹ ተሰበሰብን። ቻናሉ ይዘጋ ያለ ነበር፤ እኔም በንዴት እንዲዘጋ ፈልጌ ነበር። ያ ቻናሉን የከፈተው ልጅ ግን «ጋሼ፣ የጅዳዋስ?» አለኝ። ዝም አልሁ። በመጨረሻ የተስማማነው ይህን ነው። አንድ ደብተር ገዛን፤ ስልሳ ሁለቱን ቤተሰብ በአግዳሚያቸው ተራ ጻፍንበት፤ ስልክ ያለው እያንዳንዱ ወጣት ስልክ የሌላቸውን ሁለት ቤቶች ተረከበ። በየሳምንቱ በእግሩ ይሄዳል፤ የሰማውን ይነግራል፣ ያየውን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። «ላማቸው ወለደች»፣ «እማማ እግራቸውን አሟቸዋል»፣ «ጤፍ አልቋል» የሚል ነው የሚጻፈው። የየካቲት 2015 ዓ.ም. መዘጋት ሲመጣ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከተነሣው አለመግባባት ጋር ተያይዞ ቴሌግራምና ፌስቡክ አምስት ወር ያህል ሲታገዱ፣ ደብተሩ አልታገደም።

አባባን ለራሴ ወሰድኋቸው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። በዚህ ጊዜ ነው ሌላው ጥፋቴ የተገለጠልኝ። አባባ የሚናገሩት አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ዋጋ ለመጠየቅና ሰላምታ ለመስጠት ይበቃል። እኔ ግን ሃያ ዓመት ያህል በአማርኛ ስሰብክላቸው ራሳቸውን ይነቀንቁ ስለ ነበር ሁሉንም የሚሰሙ ይመስለኝ ነበር። የኔ አፍ መፍቻ ቋንቋ እንኳ ኦሮምኛ ሆኖ ሳለ ስብከት በአማርኛ ካልሆነ ስብከት አይመስለኝም ነበር፤ እንዲያ ለምጄ ነው ያደግሁት። ከዚያ በኋላ ባቱ ሄጄ ሚሞሪ የሚቀበል ባለ ቁልፍ ስልክ ገዛሁላቸው፤ ባለ ሱቁም በኦሮምኛ የተነበበ አዲስ ኪዳን ጫነልኝ። ቻርጅ የሚያደርጉላቸው የጎረቤታቸው ልጆች ናቸው፤ የጎረቤት ሶላር ለሁሉም ይበቃል።

ይህ በኦሮምኛ የሚሰማ ቃል ከየት እንደ ተነሣ ብታውቅ አንባቢ ሆይ፣ ትደነቃለህ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተነጥቆ ባሪያ ሆኖ የተሸጠ፣ ምፅዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት ነጻ የወጣች ናት። ሁለቱ ምፅዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተገናኝተው ሥራውን ተያያዙት፤ ቃላቱን ከትዝታዋ እየቀዳች የሰበሰበችው እሷ ነበረች። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ፣ በግእዝ ፊደል፣ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ቅድስት ክሪሾና በምትባል ስፍራ ታተመ። በዚያ ዘመን መጽሐፍን ለብዙ ሰው ለማዳረስ ከማተሚያ መኪና የሚበልጥ መሣሪያ አልነበረም። ኦኔሲሞስ ግን መጽሐፉን አሳትሜአለሁና ይበቃል ብሎ በፖስታ አልላከውም። ቀድሞ ለመግባት ሞክሮ መንገድ ተዘግቶበት የነበረ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1904 ራሱ ወለጋ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 እስኪሞትም ድረስ ነቀምት አካባቢ ሲያስተምር ኖረ።

አባባ መጀመሪያ የሰሙ ዕለት ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለው «ይህ ሰው ወለጋ ነው» አሉኝ፤ ከአነጋገሩ አውቀውት ነው። «ጥሩ ይናገራል፤ ነገር ግን ይቸኩላል። ብጠይቀው አይመልስም።» እንግዲህ ቅዳሜያችን በዚህ ተደላደለ። ስልኩን እንከፍታለን፤ አባባ ያልገባቸው ቦታ ሲደርስ አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ ያሳርፉና ሰውዬውን ዝም ያሰኙታል። ከዚያ እንነጋገራለን። አንዳንድ ቀን በሁለት ሰዓት ውስጥ አምስት ቁጥር አናልፍም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ስምንት ያለውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ የሰማን ቀን፣ ፊልጶስ ወደ ሰረገላው ወጥቶ ተቀመጠ ሲል አባባ አቆሙትና «መጽሐፉ እኮ በእጁ ነበር» አሉኝ። አዎን አልሁ። «ታዲያ ፊልጶስ በእግሩ ነው የሮጠው?» በእግሩ ነው አልኋቸው። የአህያቸውን ጀርባ እያዩ ሳቁ፤ ለምን እንደ ሳቁ ግን አልነገሩኝም።

የአባቴን የበለስ ጥያቄም አቅርቤላቸዋለሁ። «ወራቱ ባይሆንም ቅጠል አውጥታ ነበር አይደል? ቅጠል ያሳየ ዛፍ እንግዳ ይጠራል» አሉኝ። ከዝዋይ ፖስታ ቤት ከመጣው መልስ ይሻላል ብዬ ፈረድሁ፤ አባቴ በሕይወት ኖሮ ቢሰማው በወደድሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። በስልክ የሚመጣው ሁሉ ወንጌል አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ እንደ ሰላምታ ቀልሏል፤ መላኩ የቀለለላቸውም ብዙ ናቸው። አንዲት ጎረቤቴ ፈውስ በስልክ እልክልሻለሁ ላላት ሰው የፍየሏን ዋጋ ልካ፣ ጉልበቷም እንደ ታመመ፣ ፍየሏም እንደ ሄደች ቀርታለች። ሰውዬውን በአካል አይታው አታውቅም፤ እሱም ጉልበቷን አላየም። ያን ሰው ባገኘው የምጠይቀው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ቤቷ በየት በኩል እንደ ሆነ ታውቃለህ?

ባለፈው ጥር ወር አባባን «ጅዳ ለምትኖር አንዲት ልጃችን ምርቃት ይስጡልኝ» አልኋቸው። ስልኬን አፋቸው አጠገብ ያዝሁት። በመጀመሪያ ስልኩን ምን እንደሚሉት ግራ ገባቸው፤ ቀጥሎ ግን ስልኩን ረስተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ በኩል ዞሩና የአርሲ ሽማግሌ በሚመርቅበት ደንብ መረቋት፤ እኔ በእያንዳንዱ መካከል አሜን እያልሁ። አህያዋም ጮኸችበት። ያንኑ እንዳለ ላክሁላት።

በሚቀጥለው ጉዞዬ «ደረሰ?» አሉኝ። ደርሷል አልሁ። «ደርሶ ከሆነ መልሱ የታለ?» አሉኝ። መልሱ ስልኬ ውስጥ ነበርና ከፈትሁላቸው። ልጅቱ በሹክሹክታ በኦሮምኛ አመሰገነቻቸው፤ የአህያዋን ጩኸት ስትሰማ ሳቋ እንዳያመልጣት ትራሷን አፏ ላይ እንዳደረገች ነገረቻቸው። አባባ ሁለት ጊዜ ሰሙት። ሦስተኛ እንዳስደግምላቸው ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ስልኩን መለሱልኝና «ድምፅዋ ቀጥኗል» አሉ። «በደንብ ትበላለች?»

አላውቅም ነበር። ጠይቄ ልነግራቸው ቃል ገብቼ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ወንዙን ለመሻገር ተነሣሁ።